ፍተሻ፦ ከካዛንቺስ በሮች እስከ ቦሌ

ፍተሻ ማለት ወደ አንድ ግቢ፣ ሕንፃ ወይም አውሮፕላን የሚገባ ሰው ለአደጋ የሚውል ነገር አለመያዙን ለማረጋገጥ አካሉንና ዕቃውን በእጅ ወይም በመሣሪያ መመርመር ነው። በብዙ አገሮች ይህ ሥርዐት በአመዛኙ ከአየር ማረፊያ ጋር ተያይዞ ቢነሣም፣ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ ትልልቅ ሆቴሎችና ባንኮች ተጠጋግተው በቆሙበት በካዛንቺስና በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ግን ለጉባኤ የመጣ እንግዳም ሆነ ገንዘብ ሊያወጣ የመጣ የሰፈር ሰው በር ላይ እጁን ዘርግቶ የሚያልፍበት የዘወትር ልማድ ሆኗል፤ ወደ ቦሌ ወርዶ ሊበርር ሲነሣም ያንኑ ጠበቅ ብሎ ያገኘዋል።

ጥበቃው ያለ ምክንያት አልመጣም። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ለመጥለፍ የሞከሩት ወጣቶች ሽጉጥና የእጅ ቦምብ ይዘው ተሳፍረው ስለነበር፣ ሙከራው የከሸፈው በአየር ላይ፣ መንገደኞች በተቀመጡበት በተደረገ ተኩስ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. በተጠለፈውና 175 ሰዎችን አሳፍሮ በኮሞሮስ ባሕር ዳርቻ በወደቀው ቦይንግ 767 ውስጥ ግን ጠላፊዎቹ በእጃቸው የገባው መጥረቢያ የአውሮፕላኑ የራሱ የአደጋ ጊዜ መሣሪያ ሲሆን፣ ቦምብ ነው ብለው ያስፈራሩበትም የመጠጥ ጠርሙስ ነበር። 125 ሰዎች ያለቁበት ይህ አደጋ የበር ላይ ፍተሻ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ያሳያል። በቂርቆስ ደግሞ ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ ሰልፍ ላይ የተወረወረው ቦምብ ሰው መግደሉ አይረሳም።

ከመሣሪያዎቹ ቀላሉ መንገደኛው በመካከሉ የሚያልፍበት የብረት መፈለጊያ በር ነው፤ በጎንና በጎኑ ያሉት ጥቅል ሽቦዎች መግነጢሳዊ ሞገድ ይለቃሉ፣ ሞገዱም ብረት ሲያገኝ ስለሚታወክ በሩ ይጮኻል። ሻንጣ የሚገባበት የኤክስሬይ ማሽን የበለጠ ያስተውላል፤ ጨረሩን በሁለት የኃይል ደረጃ ልኮ ምን ያህሉ እንዳለፈ በማነጻጸር ብረትን በሰማያዊ፣ ምግብን፣ ጨርቅንና ወረቀትን የመሳሰሉትን በብርቱካንማ፣ በመካከል ያሉትን በአረንጓዴ ቀለም ያሳያል። ለአበሻ ተጓዥ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ፈንጂዎች በማሽኑ ዐይን ከምግብ ወገን ስለሚመደቡ፣ ለዘመድ የተጫነ የማር ማሰሮ ወይም በላስቲክ ተደራርቦ የታሰረ በርበሬ ጥቅጥቅ ያለ ብርቱካንማ ክምር ሆኖ ይታይና ሻንጣው ይከፈታል። ከ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ወደ አሜሪካ በሚደረጉ በረራዎች በእጅ ሻንጣ የሚያዝ፣ መጠኑ 350 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ የሆነ ዱቄት ተጨማሪ ምርመራ ስለሚጠይቅ፣ በርበሬና ሽሮ በሚጫነው ሻንጣ ቢገቡ ይሻላል። ይህን አስቀድሞ የነገሩት መንገደኛ ሰልፍ መሐል ቋጠሮ ለመፍታት አይገደድም፤ የመንገደኛውን እንግልት ለመቀነስ ከማሽን ብዛት ይልቅ ይህች ቀድሞ የተነገረች ቃል የምትበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

የግል ክብር ጥያቄ የሚከብደው ግን አካል ሲፈተሽ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ማንኛውም ሰው ሰውነቱና ንብረቱ ከመመርመር የተጠበቀ መሆኑን ደንግጎ፣ ገደብ የሚፈቅደው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና በዝርዝር ሕግ መሠረት ብቻ ነው። በአሜሪካ አየር ማረፊያዎች ልብስን ዘልቀው የሰውን ገላ የሚያሳዩ አንዳንድ የኤክስሬይ መሣሪያዎች፣ አምራቹ ምስሉን ወደ ተራ የሰው ንድፍ የሚቀይር ፕሮግራም ሊያቀርብ ባለመቻሉ፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2013 እንዲነሡ ተደርጓል፤ በቦታቸው የቆዩት በሚሊ ሜትር ሞገድ የሚሠሩት መሣሪያዎች አጠራጣሪውን ቦታ በንድፉ ላይ ምልክት ያደርጉበታል እንጂ የመንገደኛውን ገላ ለፈታሹ አያሳዩም። ደኅንነትና ክብር የግድ እንደማይጣሉ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በካዛንቺስ በሮች ላይ ግን ዋናው መሣሪያ አሁንም እጅ ነው። ሴትን ሴት፣ ወንድን ወንድ የመፈተሹ ልማድ፣ ሴቶች የሚፈተሹበት መጋረጃና ከመንካት በፊት የሚባለው «ይቅርታ» ቀላል ቢመስሉም የሥርዐቱ ምሰሶዎች ናቸው፤ ሴት ፈታሽ በሌለችበት በር ነጠላ የለበሰች እናት ቆማ የምትጠብቀው ጊዜም፣ ሳትፈተሽ የምትታለፈውም የጥበቃው ጉድለት ነው።

ከእጁ ይልቅ ትኩረት ያላገኘው በበሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ባለጉዳይ መታወቂያውን አስይዞ ባጅ ይወስዳል፣ ስሙን፣ ስልኩንና የሚያገኘውን ሰው በመዝገብ ይሞላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለ መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ለዓላማው ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይወስድና የወሰደውንም እንዲጠብቅ ይጠበቅበታል። መዝገቡ ግን ገጹ እንደተገለጠ በጠረጴዛው ላይ ስለሚቀመጥ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ባለጉዳይ የራሱን መስመር እየሞላ ከሱ በላይ ያሉትን ሁሉ ስምና ስልክ ያነብባል።