«ወንድሜ፣ አገርህ የት ነው?» ካላችሁ ኪሳችሁን ያዙ

እናንተዬ፣ ሰውን አጭበርብሮ ገንዘቡን መውሰድ በየአገሩ ስም አለው። እኛ «ሸወደው»፣ «በላው» እንላለን። የተሸወደውም ራሱን ይዞ «ተበላሁ!» ይላል። ሰሞኑን አንድ የቆየ የእንግሊዞች ቃል ሳገኝ ይቺው «ተበላሁ» ናት ትዝ ያለችኝ። ቃሉ «ኮኒ ካቺንግ» ነው፤ ጥንቸል ማጥመድ ማለት ነው። ጥንቸሏም ለገበታ የምትረባው፣ ሰው ሲቀርባት የማትሸሸው ለማዳዋ ናት።

ቃሉን አገር እንዲያውቀው ያደረገው ሮበርት ግሪን የተባለ የለንደን ደራሲ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1591 ዓ.ም. የአጭበርባሪዎቹን ዘዴ የሚያጋልጥ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ።

እንደ ግሪን አጻጻፍ ከሆነ ሥራው የቡድን ነው። አንደኛው ከገጠር የመጣ ባላገር መንገድ ላይ ይጠብቅና ሞቅ አድርጎ ሰላም ይለዋል። «ከየት መጣህ? ስምህ ማን ነው? ጎረቤትህስ?» እያለ ያወጣጣዋል። ባላገሩ «አብረን እንጠጣ» ሲባል እምቢ ቢል እንኳ አጅሬ ቅር አይለውም። ተሰናብቶት ይሄድና የሰማውን ሁሉ ለጓደኛው ይነግራል። ጓደኛው ቀጥሎ ካለው መታጠፊያ ላይ ጠብቆ ባላገሩን በስሙ ይጠራዋል! የጎረቤቶቹንም ደህንነት ይጠይቀዋል። ባላገሩ የሚያውቀው ሰው ያገኘ ይመስለውና መጠጥ ቤት ይገባል። ካርታ ይወጣል። ሦስተኛው ደግሞ ምንም የማያውቅ እንግዳ መስሎ ይመጣል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ለባላገሩ የሚነገረው «ይህን እንግዳ አብረን እንብላው» የሚል ነው። የትኛው ካርታ እንደሚወጣ አስቀድመው ያሳዩታል። እሱም ያለ የሌለ ገንዘቡን የሚያወጣው አራዳ የሆነ ሲመስለው ነው። ካርታው ግን ተቀይሯል፤ እንግዳውም የእነሱው ሰው ነው።

እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። ፋራ የምንለው ሰው ቢያንስ ይፈራል፣ ብሩን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። ቶሎ የሚበላው «ዛሬስ እኔ በላሁ» ብሎ የቸኮለው ነው።

ዛሬ ካርታው ቀርቶ ስልክ መጥቷል። ዘዴው ግን ያው ነው። የማታውቁት ሰው ደውሎ በስማችሁ ቢጠራችሁ ዘመድ አይሆንም፤ ስማችሁን ከማንም ሊሰማ ይችላል። «ለማንም እንዳትነግር፣ ላንተ ብቻ ነው» የሚል ትርፍ ሲመጣ ደግሞ ለሌላ ሰው ንገሩ። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቁ፦ እዚህ ጨዋታ ውስጥ የሚበላው ማን ነው? መልሱ ካልታያችሁ፣ ጥንቸሏ እናንተ ናችሁ።

ቸር ሰንብቱ!