የጽዋ ማኅበር ጠላ በጎጃም ደጋ

የጽዋ ማኅበር ማለት በአንድ ቅዱስ ስም የተባበሩ ጎረቤቶችና ወዳጆች በየወሩ በተራ የሚደግሱት ጉባኤ ነው። በደብረ ማርቆስና በአካባቢው በ12 የሚካኤል፥ በ21 የማርያም፥ በ27 የመድኃኔ ዓለም ማኅበርተኞች ይሰበሰባሉ። ካህኑ ከጸለዩ በኋላ ዳቦው ይቆረሳል፤ ጠላውም ይቀዳል። በመጨረሻም ጽዋው ለባለተራው ይሰጣል፤ ጽዋውን የተቀበለ ሰው የሚመጣውን ወር ድግስ ተቀበለ ማለት ነው። በዓሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውል ወጡ የጾም ይሆናል፤ ጠላው ግን ከእህል የተሠራ ስለ ሆነ አይለወጥም።

ድግሱ የሚጀመረው ግን በበዓሉ ቀን አይደለም። የቤቱ እመቤት አስቀድማ ገብስ ነክራ ብቅል ታበቅላለች፤ ጋኑን አጥባ በወይራ ጭስ ታጥናለች። የተወቀጠ ጌሾ በውኃ ተበጥብጦ ጥንስስ ይሆናል። ጥቂት ቀን ከሰነበተ በኋላ ብቅልና ቂጣ ይጨመርበታል፤ ቀጥሎ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ወይም ዳጉሳ ይገባና ድፍድፍ ይሆናል። ድፍድፉም ውኃ ተሞልቶበት ይከደናል። ይህን የመሰለ ድፍድፍ በእሳት ተጥዶ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አረቄ ይወጣል፤ ዳግመኛ የወጣው ዳገም ይባላል።

እንግዲህ ጠላ በድንገት የሚገኝ መጠጥ አይደለም። ጽዋው አንድ ወር አስቀድሞ መሰጠቱ ለጋኑም ጊዜ ይሰጠዋል። ጽዋው በባል ስም በሚወሰድበት ቤትም ቢሆን ድካሙ የሚስትና ውኃ በመቅዳት፥ ጌሾ በመውቀጥ የሚረዷት ጎረቤቶች ነው። ዛሬ በከተማ ከጠላው ጎን የጠርሙስ ቢራ መቅረቡ ይህን ድካም ያቃልላል፤ ነገር ግን ጎረቤትን ከድግሱ በፊት የሚሰበስበውን ሥራም አብሮ ያስቀራል። ስለዚህ ማኅበርን የሚያጠና ሰው ከጸሎቱና ከተራው ሥርዓት ጋር የጋኑንም ሥራ ሊመረምር ይገባዋል።