ሚዜው ጠላት ሲሆን

«አቫታር» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ጄምስ ካሜሮን እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣውን፣ ሰማያዊ ፍጡራን የሚታዩበትን ፊልም ነው። እዚህ የምናወራው በዕድሜ ስለሚቀድመው ስለ ሌላኛው ነው። «አቫታር፡ ዘ ላስት ኤርቤንደር» ኒኬሎዲዮን የተባለው የአሜሪካ የልጆች ቴሌቪዥን ከ2005 እስከ 2008 በ61 ክፍሎች ያሳየው ተከታታይ አኒሜሽን ነው። ፈጣሪዎቹ ማይክል ዳንቴ ዲማርቲኖና ብራያን ኮኒዬትስኮ አሜሪካውያን ናቸው፤ ሥዕሉ ግን የተንቀሳቀሰው በደቡብ ኮሪያ ስቱዲዮዎች ነው። «የልጆች ነው» ብለው ያለፉት አዋቂዎች ብዙ ናቸው። ከ61ዱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ለእነሱ የማሳያቸው የሦስተኛውን ምዕራፍ ስድስተኛ ክፍል ነው። ርዕሱ «አቫታሩና የእሳቱ ጌታ» እንደ ማለት ነው፤ መጀመሪያ የታየውም ኦክቶበር 26 ቀን 2007 ነበር።

ታሪኩን ለመከታተል ስለዚያ ዓለም ጥቂት ማወቅ ይበቃል። አራት ሕዝቦች አሉ፤ የውኃ፣ የምድር፣ የእሳትና የአየር። ከየሕዝቡ አንዳንዱ ሰው የወገኑን ነገር በእጅና በእግሩ እንቅስቃሴ ማዘዝ ይችላል። እንቅስቃሴዎቹ ከቻይና ማርሻል አርት የተወሰዱ ናቸው፤ የእሳቶቹ ከሰሜን ሻኦሊን፣ የውኃዎቹ ከታይቺ። አራቱንም የሚያዝ ሰው በየዘመኑ አንድ ብቻ ሲሆን አቫታር ይባላል፤ ሥራውም በአራቱ መካከል ሚዛን መጠበቅ ነው። ሲሞት በሌላ ሕዝብ ውስጥ ዳግም ይወለዳል። ተራው የታወቀ ነው፤ ከእሳት ቀጥሎ አየር። ይህን የተራ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ አንድ ሕዝብ ሙሉ በሙሉ የሚጠፋው በእሱ ምክንያት ነው።

ተከታታዩ ሲጀምር የእሳቱ መንግሥት ሌሎቹን መውጋት ከጀመረ መቶ ዓመት ሆኖታል። የዘመኑ አቫታር አንግ የሚባል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ አሳዳጁ ደግሞ የእሳቱ ልዑል ዙኮ። በዚህ ክፍል ሁለቱ በተለያየ ቦታ ሆነው፣ አንዱ ስለሌላው ሳያውቅ፣ አንድ ታሪክ ይሰማሉ። ለአንግ የሚተርክለት ከእሱ በፊት አቫታር የነበረው ሮኩ ነው፤ መንፈሱ በዓመቱ ረጅም ቀን ወደ ፈረሰች ደሴቱ ጠርቶታል። ዙኮ ደግሞ ቅድመ አያቱ ሶዚን በገዛ እጁ ጽፎ የተወውን፣ ከመሬት በታች ባለ ስውር ዋሻ የተቀመጠ ኑዛዜ ያነባል። እንግዲህ አንደኛው ተራኪ ሟቹ፣ ሁለተኛው ለሞት አሳልፎ የሰጠው ሰው ነው። የሚገርመው ቃላቸው አለመጋጨቱ ነው። ሮኩ ሶዚንን አያጠለሽም፤ ሶዚንም ያደረገውን አይሸሽግም። ሌላ ደራሲ ቢሆን አንዱን ያስዋሸው ነበር።

ሮኩና ሶዚን የተወለዱት በአንድ ቀን ነው። ሶዚን አልጋ ወራሽ ቢሆንም አብረው ይታገላሉ፣ ይቀላለዳሉ፤ ሮኩ ታ ሚን የምትባለውን ልጅ ባየ ቁጥር መላው ይጠፋዋል። አሥራ ስድስት ዓመት በሞላቸው ዕለት፣ ድግሱ መሀል፣ የእሳቱ ሊቃውንት ይገባሉ። ሶዚን አባቱ አንድ ነገር የሆነ መስሎት ይደነግጣል። የመጡት ግን ለእሱ አይደለም፤ አቫታሩ ሮኩ መሆኑን ሊያውጁ ነው። ልዑሉ በገዛ አዳራሹ፣ በገዛ ልደቱ፣ ሰው ሁሉ ለጓደኛው እጅ ሲነሳ ያያል። ቅናት ግን አይታይበትም። ሮኩ አቫታር ዓለማዊ ሀብት አያስፈልገውም ስለተባለ ከፍቶት ዕቃውን ሲሰናበት፣ ሶዚን አልጋ ወራሽ ብቻ የሚያደርገውን የፀጉር ጌጥ ከራሱ አውልቆ ይሰጠዋል።

ሮኩ አሥራ ሁለት ዓመት ሌሎቹን ጥበቦች ሲማር ቆይቶ ሲመለስ ሶዚን ነግሧል። ንጉሡ፣ ሕዝቤ ሰላም የሚለኝ እጅ ነስቶ ነው፣ አንተ ግን የተለየህ ነህ ይለዋል፤ ይተቃቀፋሉ። ብዙም ሳይቆይ ሮኩ ታ ሚንን ሲያገባ ሚዜው ሶዚን ነው።

ነገሩ የሚበላሸው እዚያው ሰርግ ላይ ነው። ሚዜው ሙሽራውን ከሰው ነጥሎ ሐሳቡን ያጫውተዋል። አገራችን በልጽጋለች፣ ሰላም ናት፤ ይህን ብልጽግና ለተቀረው ዓለም ብናካፍልስ? አንተ አቫታር፣ እኔ ንጉሥ፣ አብረን ምን ያቅተናል? ዛቻም ጥላቻም የለበትም፤ ቃሉ ሁሉ የደግ ሰው ቃል ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1940 የእስያ ወረራዋን «የጋራ ብልጽግና» ብላ እንደጠራች የሚያውቅ ተመልካች እዚህ ላይ ጆሮው ይቆማል። ሮኩም ገብቶታል፤ አራቱ ሕዝቦች አራት ሆነው መኖር አለባቸው፣ ይህን ዳግመኛ እንዳልሰማ ብሎ ይቆርጠዋል። ከዚያ ወደ ሰርጉ ይመለሳል።

ሶዚን ግን አልተመለሰም። ከዓመታት በኋላ ሮኩ በምድር ሕዝብ ግዛት ውስጥ የእሳቱ ባንዲራ የሚውለበለብባት የተያዘች ከተማ ያገኛል፤ በቀጥታ ወደ ዙፋኑ ክፍል ይሄዳል። አሁን ሶዚን የሚናገረው እንደ ንጉሥ ነው፤ አንድ ዜጋ እንዴት ንጉሡን እንዲህ ይናገራል ይላል። ያ «አንተ የተለየህ ነህ» የሚለው ፈቃድ ተሰርዟል። ሮኩ ፊቱን አዙሮ ሲሄድ ሶዚን ከጀርባው እሳት ይለቅበታል። ሮኩ ቤተ መንግሥቱን ይንደውና ወዳጁን ግድግዳ ላይ አጣብቆ፣ ስለ ድሮው ብዬ ነፍስህን ትቼልሃለሁ፣ ሁለተኛ ብትሞክር ግን ማለቂያህ ይሆናል ይለዋል። ከዚያ በኋላ ለ25 ዓመታት አልተነጋገሩም።

ፍጻሜውን ያመጣው እሳተ ገሞራ ነው። የሮኩ ደሴት ስትፈነዳ ሶዚን ከመቶ ማይል ርቀት ጭሱን ያያል፤ ሳይጠሩት ድራጎኑን ጋልቦ ይደርሳል። ይህ ትዕይንት በጣም ጥሩ የተሠራ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች፣ ልጅ ሆነው ጎን ለጎን እንደተለማመዱት፣ አሁንም ጎን ለጎን የቀለጠውን ዐለት ይመልሳሉ። ሶዚን የመጣው ሊገድል አይደለም፤ ሊረዳ ነው፣ ረድቷልም። ከዚያ መርዛማው ጋዝ ሮኩን ፊቱ ላይ ይመታዋል። ሮኩ ወድቆ እጁን ይዘረጋል። ሶዚን ያንን እጅ ያየዋል፤ አንተ ከሌለህ ያቀድኩት ሁሉ ይሳካል የሚል ነገር ተናግሮ ድራጎኑን አስነስቶ ይሄዳል። አንድም ምት አልተሰነዘረም፤ አለመርዳት ብቻ በቃ። ከሮኩ ጋር የሚሞተው የራሱ ድራጎን ነው፤ ተጠምጥሞበት አብሮት ይቀበራል።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ጅራታም ኮከብ ለእሳቶቹ ልዩ ኃይል ሲሰጣቸው፣ ሶዚን ቀጣዩ አቫታር ከአየር ዘላኖች እንደሚወለድ ስለሚያውቅ ሁሉንም ፈጃቸው። ልጁ ግን አመለጠው፤ መቶ ዓመት በበረዶ ውስጥ ሳያረጅ የቆየው አንግ እሱ ነው። ኑዛዜው የሚያበቃው ያንን ልጅ ሲፈልግ ባረጀ ሰው ቃል ነው።

ሮኩ በጊዜው ቆራጥ ባለመሆኑ ራሱን ይወቅሳል፤ በተከታታዩ መጨረሻ ላይ ለአንግ የሚሰጠው ምክርም ይኸው ነው። ብዙ ተመልካች ይስማማበታል። እኔ ግን ጥፋቱን የማየው ምሕረቱ ላይ ሳይሆን ዝምታው ላይ ነው። ሰርጉ ላይ «እንዳልሰማ» ብሎ ዘጋው፤ ዙፋኑ ክፍል ውስጥ አስፈራርቶ ወጣ፤ ከዚያ ሩብ ምዕተ ዓመት። በሁለቱም ጊዜ ሶዚንን ለምን እንዲህ አሰብክ ብሎ የጠየቀው የለም። ከ25 ዓመት ኩርፊያ በኋላ ሳይጠሩት የሚመጣ ሰው ጨርሶ የጠፋ ሰው አይመስለኝም። ይህ ሶዚንን ነፃ አያወጣውም፤ ያንን እጅ ያልያዘው እሱ ራሱ ነው።

ዙኮ ወረቀቱን ጨርሶ ግራ ይገባዋል። በስውር የደረሰው መልእክት የቅድመ አያትህን አሟሟት እወቅ የሚል ነበር፤ ሶዚን ግን ጽሑፉ ሲያልቅ በሕይወት አለ። እስር ቤት ወዳለው አጎቱ አይሮ ሄዶ ይጠይቃል። የአይሮ መልስ አጭር ነው፤ ቅድመ አያትህ አንድ ብቻ አይደለም። በአባቱ በኩል ሶዚን፣ በእናቱ በኩል ሮኩ ነው። ያ የፀጉር ጌጥም ከአይሮ እጅ ይወጣል፤ ለአልጋ ወራሹ ይሰጠዋል። ልጁ ውስጥ ሲታገሉ የኖሩት ሁለት ጠባዮች ሁለት ሰዎች እንደነበሩ ተመልካቹም ከእሱ ጋር ይረዳል። ከስድስት ክፍሎች በኋላ ዙኮ አባቱን ትቶ ሲያሳድዳቸው ወደነበሩት ልጆች ይሄዳል፤ ያለዚህ ክፍል ያ ውሳኔ ከሰማይ የወረደ ይመስል ነበር።

ሙሉውን ለማየት ጊዜ የሌለው ሰው ቢያንስ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ቀድሞ ቢያይ ይጠቅመዋል፤ የአንግና የዙኮ ያለፈ ሕይወት ጎን ለጎን የሚተረከው እዚያ ነው። ተከታታዩ አሜሪካ ውስጥ ከሰባት ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች የተመደበ ነው። ከትንንሾች ጋር የምታዩ ከሆነ የእሳተ ገሞራው ትዕይንት ላይ አጠገባቸው ሁኑ፤ ሰውዬው ለምን እጁን እንዳልያዘው መጠየቃቸው አይቀርም።