የንጉሥ ፈረስ ቤትና የእኛ ጋጣ

በሐይቅና በአምባሰል መንደሮች ማታ ወደ አንድ ቤት ብትገቡ፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ጣሪያ ሥር ሰውም ከብትም ታገኛላችሁ። በመደቡ በኩል ሰው ይተኛል፤ በጋጣው በኩል በሬው፣ ላሟና በቅሎዋ ያድራሉ። ልጆች የበቅሎዋን ገለባ ማኘክ እየሰሙ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

አንድ የሐይቅ ገበሬ፣ «አባባ፣ ከብቱን ለምን ለብቻው አያሳድሩትም?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ጅቡን ማን ይጠብቅልኛል?» አሉኝ። እኔም መልስ አጣሁ። እውነታቸውን ነው። ከጅቡም ሌላ ሌባ አለ፤ የደጋ ብርድም አለ። አንድ በሬ የሞተበት ሰው የዓመት እርሻው ይስተጓጎላል። ስለዚህ ጋጣ ሲሠራ መጀመሪያ የሚታሰበው ጥበቃ ነው።

ታዲያ ብዙ ፈረስና በቅሎ የነበራቸው ነገሥታት ይህን ችግር እንዴት ፈቱት? ይህን ለማወቅ ወደ ጎንደር እንሂድ።

ጎንደርን መናገሻ ከተማ ያደረጉት ዐፄ ፋሲል ናቸው። ጊዜውም 1628 ዓ.ም. ገደማ ነበር። ከእሳቸው በኋላ የነገሡትም በዚያው ግቢ የየራሳቸውን ሕንጻ ጨመሩ። ግቢው በድንጋይ ግንብ የታጠረ ነው። የአጥሩ ዙሪያ 900 ሜትር ያህል ሲሆን 12 በሮች አሉት። በግቢው ሰሜን በኩል የዐፄ በካፋ ሕንጻዎች ይገኛሉ። ዐፄ በካፋ የነገሡት ከ1713 እስከ 1723 ዓ.ም. ነው። የእሳቸው ናቸው ከሚባሉት ሕንጻዎች አንዱ ትልቅ የግብር አዳራሽ ነው። ሌላው ደግሞ የፈረስ ቤት ነው።

የፈረስ ቤት ከንጉሥ ግብር ቤት ጋር በአንድ ግቢ ለምን ተሠራ ብትሉ፣ ፈረስ በዚያ ዘመን ኃይል ስለ ነበረ ነው። ጦር የሚዘምተው፣ መልእክት የሚደርሰው በፈረስና በበቅሎ ነበር። የቤተ መንግሥቱን ፈረሶች የሚያዝ ሹም ባልደራስ ይባል ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ባልደራስ የሚባል ሰፈር እስከ ዛሬ አለ። መሳፍንቱም በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ የወሎው ራስ ሚካኤል «አባ ሻንቆ» ተብለዋል። በ1888 ዓ.ም. በአድዋ ጦርነት ራስ ሚካኤል የወሎን ፈረሰኛ ይዘው መዝመታቸውን አባቶቻችሁ ነግረዋችሁ ይሆናል።

ጎንደር ውስጥ ከፋሲል መዋኛ አጠገብ ጉልላት ያለው አንድ ትንሽ ቤት አለ። ዞብል ለተባለ የንጉሥ ፈረስ መታሰቢያ የተሠራ ነው ይባላል። ዞብል የሚለው ስም ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ከቆቦ በስተ ምሥራቅ ያለው ተራራም ዞብል ነው የሚባለው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንመለስ። ሦስት ነገሮችን እንይ።

አንደኛ፣ አጥር። የንጉሡ ፈረስ ቤት ለብቻው ሜዳ ላይ የቆመ አይደለም። በትልቁ ግንብ ውስጥ ነው። በበሮቹ ዘበኛ ይቆማል። ንጉሡ ከብቱን ከጅብና ከሌባ ለመጠበቅ ወደ መኝታ ቤቱ ማስገባት አላስፈለገውም። አጥሩ ጠበቀለት።

ሁለተኛ፣ ኖራ። የጎንደር ግንብ በጭቃ ብቻ ቢያያዝ ኖሮ ዝናብ ያጥበው ነበር። ግንበኞቹ ግን ኖራ ተጠቀሙ። የኖራ ድንጋይ በእሳት ይቃጠላል። ከዚያ ውሃ ሲፈስበት ይፈላና ይልማል። ከአሸዋ ጋር ተለውሶ በድንጋይ መካከል ሲገባ ቀስ በቀስ ይጠነክራል።

ሦስተኛ፣ ቅስት። ከበርና ከመስኮት በላይ ድንጋዩ እንደ ቀስት ጎብጦ ይደረደራል። ድንጋዮቹ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ተደርገው ይጠረባሉ። ስለዚህ ክብደት ሲመጣባቸው እርስ በርስ ይደጋገፋሉ እንጂ አይወድቁም። ሸክሙም በግራና በቀኝ ወደ ግድግዳው ይወርዳል።

የጣሪያ እንጨት ግን እንደ ድንጋይ አይቆይም። ዝናብ ያበሰብሰዋል፤ ምስጥ ይበላዋል፤ እሳት ያነደዋል። ጣሪያ ከሄደ በኋላ ውሃ በግድግዳው አናት ይገባል። ግድግዳ መፍረስ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ይህ በንጉሥ ግንብም በገበሬ ጎጆም አንድ ነው። በ1972 ዓ.ም. የፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቢሆንም መዝገብ ብቻውን ዝናብ አያቆምም፤ የሚጠግን እጅ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ደግሞ አንርሳ። የንጉሥ ፈረስ ድንጋይ አይበላም። ሣሩን ያጨደ፣ ገብሱን ያመረተ ገበሬ ነው። ድንጋዩን የፈለጠና የተሸከመም ሰው አለ። የንጉሡ ስም ሲነገር ይኖራል፤ የእነሱን ስም የሚጠራ የለም።

ታዲያ እኛ ከዚህ ምን እንማራለን? ግንብ እንሥራ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ሽንት የጠጣ መሬት የሚያወጣውን፣ ዓይን የሚያቃጥለውን ሽታ ታውቁታላችሁ። ያ ሽታ የልጅንም የከብትንም ሳንባ ይጎዳል። በቤት ውስጥ ያለ ጋጣ እንኳ ሊሻሻል ይችላል። በሰውና በከብት መካከል ግድግዳ ይደረግ። ለጋጣው የራሱ በር ይውጣለት። ወለሉ ድንጋይ ተነጥፎ ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ፤ ሽንቱ በቦይ ይውረድ። ከፍ ብሎ ትንሽ መስኮት ይተውለት። ፍጉ ርቆ በጉድጓድ ይጠራቀምና ለእርሻው ማዳበሪያ ይሁን።

ያ የሐይቅ ገበሬ የጠየቁኝ ጥያቄ ግን አሁንም አለ። ጅቡንስ? ለዚህ አንድ ሰው ብቻውን አቅም ላይኖረው ይችላል። ሦስት አራት ጎረቤቶች ግን በደቦ አንድ የድንጋይ አጥርና አንድ ጠንካራ መዝጊያ መሥራት ይችላሉ። በየተራ ይጠብቁታል። ድንጋይ እንደሆነ በአምባሰል ሞልቷል።

ጥያቄዎች

1. የንጉሡ ፈረስ ቤት ከጅብና ከሌባ የተጠበቀው በምን ነበር?
2. ኖራ ከጭቃ የሚሻለው ለምንድን ነው?
3. በእናንተ ቤት ጋጣው የት ነው? የበረቱ ሽንት ወዴት ይፈሳል? ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት።