የመጋዘን ጠባቂ ውሻና የሕክምና ቤቱ ምርጫ

በሮቤና በጎባ ከተሞች የስንዴና የገብስ መጋዘን ያለው ነጋዴ ብዙውን ጊዜ ዘበኛ ይቀጥራል፤ ከዘበኛውም ጋር አንድ ሁለት ውሻ ያኖራል። ለዘበኛው ደመወዝ፥ ለመዝጊያው ቁልፍ፥ ለእህሉ ሸራ ወጪ ሲመደብ፥ ለውሻው ግን ከትርፍራፊ ምግብ በቀር በሒሳብ መዝገብ የሚጻፍለት ነገር የለም። ይሁን እንጂ ያው ውሻ የሚኖረው ደንበኛ በሚገባበትና የሠራተኞች ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህ ውሻውን የት እናስከትብ የሚለው ጥያቄ ሊታሰብበት ይገባል። በአገራችን የእንስሳት ሕክምና የቆመው በይበልጥ ለከብት፥ ለበግና ለጋማ ከብት ስለሆነ፥ አስቀድሞ ሰው ልኮ የውሻ ክትባት መኖሩንና ሐኪሙ ውሻ ለማከም የለመደ መሆኑን ማስጠየቅ ይበጃል። ተናካሹን ውሻ በሰንሰለት እየጎተቱ ገበያ መሐል ከማሳለፍ፥ ሐኪሙ ወደ መጋዘኑ እንዲመጣ መዋዋል ይሻላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምርመራ ግን የማቀዝቀዣው ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። አንዳንድ ሰዎች «የባሌ ደጋ ራሱ ማቀዝቀዣ ነው» ይላሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። የቀትሩ ፀሐይ ከተወሰነው ልክ ያሳልፈዋል፤ በረዶ ሆኖ ከረጋም ኃይሉን ያጣል። እንግዲህ ወደ ሕክምና ቤቱ የገባ ነጋዴ ማቀዝቀዣው ውስጥ ቴርሞሜትር መኖሩን፥ መብራት ሲጠፋም ብልቃጦቹ ወዴት እንደሚዛወሩ ሳያፍር ይጠይቅ። ቅቤና መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ዕቃ በአያያዝ እንደሚበላሽ ያውቃል፤ ያንኑ ዕውቀት እዚህ ይጠቀምበት። የተበላሸ ክትባት በመልኩ ከደኅናው አይለይምና በዋጋ ርካሽነት ብቻ መምረጥ አደገኛ ነው።

ክትባቱ ከተሰጠ በኋላ ቀኑ፥ የብልቃጡ መለያ ቁጥርና የሐኪሙ ፊርማ ያለበት ካርድ መቀበል ያስፈልጋል። እኔ በጸሐፊነቴ ካርዱን ከንግድ ፈቃዱ ጋር በአንድ ፋይል አኖረዋለሁ፤ ሁለቱም በየዓመቱ ይታደሳሉና። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ መከላከያውም ወዲያው ሳይሆን ከሳምንታት በኋላ ይጸናል።

ጉዳዩ ከግቢያችን አጥር ያልፋል። ከ1995 መጨረሻ እስከ 1996 ዓ.ም. ከቤት ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በወይብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ የሚያህሉትን ፈጅቷል። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳ አይሞሉም፤ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። ብሔራዊ ፓርኩ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ወደ ሳነቴ ለመውጣት ጎባ የሚያድረው እንግዳ አልጋ የሚከራየው፥ ስንቅ የሚሸምተው ከእኛው ዘንድ ነው።

ውሻ ሰው የነከሰ እንደሆነ ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ የተነከሰውም ሰው በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ውሻው የተከተበ ነው ተብሎ መዘግየት አይገባም። ውሻውንም በችኮላ ከመግደል፥ መያዝ ከተቻለ ለብቻው ታስሮ 10 ቀን በእንስሳት ሐኪም ይጠበቅ።