«አንድ ፉርጎ ቢቀጥሉበትስ?» ስለ ባቡር ርዝመት የሚባለውና እውነታው

ሐዋሳ ሐዲድ የላትም። ከሞጆ ተነሥቶ በሐዋሳ በኩል ወደ ደቡብ የሚዘልቅ መስመር በአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ላይ ሠፍሮ ኖሯል፤ መሬት መንካት የጀመረው ግን የመኪናው ፈጣን መንገድ ነው። የሐዋሳው ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ሰው የከተማ ባቡር የሚሳፈረው ለጉዳዩ አዲስ አበባ ሲወጣ ነው፤ ይዞት የሚሄደውም የሚኒባስን ሕግ ነው። ወረፋው ሲረዝም ተራ አስከባሪ ሌላ መኪና ይጠራል። ባቡሩ ታጭቆ ሲመጣ «አንድ ፉርጎ ቢቀጥሉበት ምን ነበረበት?» ማለቱ አያስደንቅም።

ሐሳቡ መነሻ አለው። ድሬዳዋ በ1895፣ አዲስ አበባ በ1909 ዓ.ም. የደረሰው የድሮው የጅቡቲ ባቡር ፉርጎዎቹን ከኋላው የሚጎትት ነበር። እንዲህ ባለው ባቡር ፉርጎ መጨመርም መቀነስም ይቻላል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ግን ሌላ ዓይነት ነው። ሦስቱ ክፍሎቹ እንደ አንድ አካል የተያያዙ ናቸው፤ ጠቅላላ ርዝመቱ 30 ሜትር ገደማ ነው። ከመካከሉ የሚፈታም የሚቀጠልም ነገር የለውም። ማስረዘም ከተፈለገ ሌላ ሙሉ ባቡር ከኋላው ማያያዝ ነው።

ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ የት ይቆማል? የጭራው በር ከመሳፈሪያው ወለል ውጪ ከቀረ ተሳፋሪው የሚወርደው ሐዲድ ላይ ነው። በአንዳንድ አገሮች በአጭር ጣቢያ የኋላ በሮችን ዘግተው ተሳፋሪው አስቀድሞ ወደ ፊት እንዲሄድ ይነግሩታል። የኤሌክትሪክ ኃይሉም ሁለት ባቡር አንድ ላይ ሲነሣ ለሁለቱም መብቃት አለበት። ከሁሉ በፊት ግን የሚያያዘው ባቡር መኖር አለበት። ለአዲስ አበባው የተገዙት 41 ባቡሮች ነበሩ፤ በኋላ መለዋወጫ እየጠፋ ብዙዎቹ ቆመዋል። እንግዲህ ወረፋ ላይ ያለው ሰው ርዝመቱን ሲወቅስ ጥፋቱ ያለው ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ላይ ነው።

«ረጅም ባቡር ከመጣ ወረፋው ይቃለላል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። አንዱ ባቡር 250 ሰው ይጭናል እንበል። በየ5 ደቂቃው አንድ ቢመጣ በሰዓት 3,000 ሰው ይሄዳል። ሁለቱን አያይዘን በየ10 ደቂቃው ብናመጣም ያው 3,000 ነው፤ ተሳፋሪው የሚጠብቀው ጊዜ ግን በእጥፍ ያድጋል። እኔ ብመርጥ ቶሎ ቶሎ የሚመጣውን አጭር ባቡር ነው። ማያያዝ የሚያዋጣው ሐዲዱ ራሱ ሲጣበብ ነው። የአዲስ አበባ ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ ባለው መንገድ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ፤ ባቡሮች በብዛት ቢኖሩ እዚያ ተራ መጠባበቅ ይመጣልና በአንድ ተራ ብዙ ሰው ማሳለፍ ትርጉም ያገኛል።

«የጅቡቲው ረጅም ነው፣ እሱስ እንደ ልብ ይቀጠላል» የሚልም አለ። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በእርግጥ ፉርጎዎቹን ይጎትታል። ይሁንና ከሰበታ እስከ አዳማ ካለው ጥንድ ሐዲድ በኋላ አብዛኛው መንገድ ነጠላ ነው። ሁለት ባቡር ፊት ለፊት ሲመጣ አንዱ ጣቢያ ላይ ወደ ጎን ሐዲድ ገብቶ ሌላውን ያሳልፋል። ከጎን ሐዲዱ የረዘመ ባቡር ጭራው ዋናውን መንገድ ስለሚዘጋ ማሳለፍ አይችልም። በዚያ መስመር ሰው አይቶ የሚደነቅበት ረጅሙ ባቡር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኮንቴይነር የጫነው ነው።

ተሳፋሪ ሊጠይቀው የሚገባው ትንሽ ነገር ግን አለ፤ የሚመጣው ባቡር ርዝመቱ ምን ያህል ነው፣ የት ጋስ ይቆማል? ጃፓን ውስጥ በብዙ ጣቢያዎች የእያንዳንዱ በር ቦታ ወለሉ ላይ ተሥሏል፤ ጀርመን ውስጥ የትኛው ፉርጎ የት እንደሚቆም ጣቢያው ላይ ይገለጻል። ይህን ያላወቀ ሰው መሳፈሪያው መጨረሻ ላይ ቆሞ ይቆይና አጭሩ ባቡር መካከል ላይ ሲቆም ዕቃውን ይዞ ይሮጣል። ቀለም ቀብቶ ምልክት ማድረግ አዲስ ባቡር ከመግዛት ጋር የሚወዳደር ወጪ የለውም።

የሐዋሳው መስመር አንድ ቀን ቢሠራ የባቡሩ ርዝመት የሚወሰነው የመጀመሪያው ባቡር ከመምጣቱ በፊት፣ የመሳፈሪያው ወለልና የጎን ሐዲዱ ሲነደፉ ነው። ያኔ አጥረው ከተሠሩ፣ በኋላ ማስረዘም መሬት ማስለቀቅ፣ የሐዲድ መቀያየሪያ ማዛወርና ምልክቶችን እንደገና መትከል ይጠይቃል።