ትርጉም የሌላቸው የሚመስሉ ግጥሞች

ልጆች የሚወዷቸው አንዳንድ ግጥሞች አሉ፤ ድምፃቸው ለጆሮ ደስ ያሰኛል፤ ትርጉማቸው ግን ሲፈለግ አይገኝም። እንደነዚህ ያሉት ግጥሞች እንደ ዘበት የተጻፉ ይመስላሉ። ነገር ግን ስንኛቸው ቤት ይመታል፤ ንግግራቸውም የሰዋስው ሥርዓት አለው።

በእንግሊዝ አገር ሉዊስ ካሮል የሚባል ደራሲ ነበረ። እውነተኛ ስሙ ቻርልስ ዶጅሰን ነው፤ በኦክስፎርድም የሒሳብ መምህር ነበረ። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1871 ዓመት ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ «ጃበርዎኪ» የተባለ ግጥም ይገኛል። ከግጥሙ ቃሎች ብዙዎቹን ደራሲው ራሱ ፈጠራቸው። ሆኖም በመጽሐፉ ታሪኳ የተነገረው አሊስ ግጥሙን ባነበበች ጊዜ፤ አንድ ሰው አንድ ነገር እንደ ገደለ ተረዳች።

ያልታወቀ ቃል ይህን ያህል እንዴት ሊያስረዳ ቻለ? ምክንያቱ በአማርኛ ምሳሌ ይታያል። «ጉንዛሩ ሽምላቷን ደረገጣት» ቢባል፤ ጉንዛርና ሽምላት ምን እንደ ሆኑ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን አድራጊው ጉንዛሩ፤ የተደረገባትም ሽምላቷ እንደ ሆነች፤ ነገሩም እንደ ተፈጸመ ሕፃን እንኳ ያስተውላል። ይህን የምታስታውቀው በ«ሽምላቷን» መጨረሻ ያለችው «ን» ናት፤ የግሡም አጨራረስ ያግዛታል። ደግሞ «ጉንዛር» ሲሉት ከባድ፤ «ሽምላት» ሲሉት ቀጭን ሆኖ ይሰማል።

«ደረገጠ» የተባለውም ቃል «ደረመሰ» እና «ረገጠ» ተጣምረው የተሠራ ነው። ካሮልም እንዲህ ያሉ ቃሎችን ሠራ። በመጽሐፉ ውስጥ ሀምፕቲ ደምፕቲ የተባለው እንቍላል መሳይ ፍጥረት፤ እነዚህን ቃሎች ሁለት ነገር በአንድነት ከሚይዝ የመንገደኛ ሻንጣ ጋር ያመሳስላቸዋል። በሰምና ወርቅ አንድ የታወቀ ቃል ሁለት ምስጢር ይይዛል፤ በዚህ ግን ሁለት ቃሎች ተዋሕደው አንድ አዲስ ቃል ይወልዳሉ። ከካሮል ቃሎች አንዱ፤ ደስ ብሎት መሣቅን የሚያመለክተው «ቾርትል»፤ ዛሬ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይገኛል።

እንግዲህ ድምፅ መልካም ስጦታ ነው፤ ልብን ይስባል፤ ለማስታወስም ይረዳል። ነገር ግን ጆሮ ደስ ሲለው ልብ የገባው ይመስለዋል። አሊስ የተረዳችውንና ያልተረዳችውን ለየች፤ ሁሉን ዐወቅሁ አላለችም። ድምፁን ብቻ የሚከተል ሰው ግን ያማረ ንግግር በሰማ ቍጥር፤ ባዶም ቢሆን፤ «እውነት ነው» እያለ ራሱን ይነቀንቃል።

ስለዚህ የሚያነብ ልጅ፤ ማን አደረገ? ምን አደረገ? ስለ ምን አደረገ? ብሎ ይጠይቅ። ድምፁን አሳምሮ መጽሐፉን መጨረሱ ብቻውን አይበቃም። መጽሐፉን ከዘጋ በኋላ ያነበበውን በገዛ ቃሉ መናገር ቢችል፤ ያን ጊዜ በእውነት አነበበ ይባላል።